ክበብ በአዘቦት ቀኑ ይመረጣል፦ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የክበባት ንጽጽር

ልጄ 7ኛ ክፍል ስትገባ የክበባት ዝርዝር ያለበት ወረቀት ይዛ መጣች። 11 ክበብ ተደርድሯል። እንደ ብዙ ወላጅ የእኔም ዓይን መጀመሪያ ያረፈው «ሮቦቲክስ» የሚለው ላይ ነው። ስሙ ያምራል። ለዘመድ ሲነገርም ደረት ያስነፋል። አስመዘገብኳት። ከሁለት ወር በኋላ «እስኪ ምን ምን ሠራችሁ?» ብዬ ስጠይቃት፣ ለካ ብሎን ስታቀብል ነው የከረመችው። ለ8 ልጅ አንድ ሮቦት። ሁለቱ ይገጣጥማሉ፣ ስድስቱ ቆመው ያያሉ።

ጥፋቱ የክበቡ ብቻ አይደለም፣ የእኔም ነው። ስሙን እንጂ ሥራውን አልጠየቅኩም። መጠየቅ የነበረብኝ ሌላ ነው። ውድድር በሌለበት፣ እንግዳ በማይመጣበት በአንድ ተራ ማክሰኞ፣ ልጄ እዚያ ገብታ በእጇ ወይም በአፏ ምን ትሠራለች? ከዚያ ወዲህ ክበብን ከክበብ የማወዳድረው በዚህ ነው። ዋንጫና ፎቶ የክት ልብስ ነው። ልጁ የሚውለው በአዘቦቱ ነው።

ከመመዝገብ በፊት

ልጁ አንድ ቀን ገብቶ እንዲያይ አስፈቅዱ። ከተቻለ እናንተም በር ላይ 20 ደቂቃ ቆማችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ እጆችን ቁጠሩ። ከ20 ልጅ ስንቱ ሥራ ላይ ነው? ስንቱ ጓደኛው እስኪጨርስ ይጠብቃል? ቀጥሎ አዲስ የገባውን ልጅ ፈልጉት። ማን አጠገብ ተቀመጠ? ያናገረው አለ? ክበቡን የሚመራው መምህር ስሕተት ሲያይ የሚያደርገውንም ልብ በሉ። ነጥቆ የሚያስተካክል ከሆነ ልጁ ብዙ አይማርም። «እስኪ እንደገና ሞክረው» ብሎ የሚተው ከሆነ፣ የክበቡ ስም ምንም ይሁን ምን አስገቡት ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ላይ ከብዙ ወላጆች ጋር አልስማማም። «ጓደኛዋ ስለገባች ነው የገባችው» ሲባል እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ከ11 እስከ 14 ባለው ዕድሜ ልጅ ከወላጁ ፊት ይልቅ የጓደኛውን ፊት ነው የሚያየው። ጓደኛ ይዞት የገባ ልጅ ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር አይፈራም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «እሱ ቢቀር አንተ ትሄዳለህ?» መልሱን ዛሬ ባያውቀውም ያስብበታል።

አፍ የሚፈታባቸው

ክርክር፣ ሞዴል ዩኤን (ልጆች የተባበሩት መንግሥታትን ስብሰባ አስመስለው የሚያካሂዱበት) እና ሚኒ ሚዲያ ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ። ሦስቱም «ንግግር ያስለምዳሉ» ይባልላቸዋል። አዘቦታቸው ግን ለየቅል ነው።

ክርክር ፍጥነት ይፈልጋል። በዓለም አቀፉ የትምህርት ቤቶች ክርክር ሥርዓት አንድ ቡድን 3 ተናጋሪ ያቀርባል። እያንዳንዱ 8 ደቂቃ ይናገራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የ4 ደቂቃ የመልስ ንግግር አለ። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ደቂቃ በስተቀር ተቃራኒው ወገን ብድግ ብሎ ጥያቄ መወርወር ይችላል። ለ12 ዓመት ልጅ 8 ደቂቃ ዘላለም ነው። ስለዚህ ለትንንሾቹ ወደ 3 ወይም 4 ደቂቃ የሚያሳጥር ክበብ ፈልጉ።

የክርክር ትልቁ ጥቅም ግን መናገሩ ላይ አይመስለኝም። ልጁ የማያምንበትን ወገን ይዞ መከራከሩ ላይ ነው። ዛሬ «የቤት ሥራ ይቅር» ብሎ የተሟገተ፣ በሳምንቱ «የለም፣ ይኑር» ብሎ ይቆማል። ያኔ የሌላውን ሰው ሐሳብ ከውስጥ ሆኖ ማየት ይጀምራል። ጣጣም አለው። አንድ ወዳጄ «ልጄ ተኛ ሲባል እንኳ ሦስት ነጥብ ሳያቀርብ አይተኛም» ይላል። ሌላው ችግር ደግሞ በየሳምንቱ ተሸናፊ መኖሩ ነው። ሽንፈት ቤት ድረስ ይዞት የሚመጣ ልጅ ካላችሁ፣ መምህሩ ከውጤቱ በኋላ ምን እንደሚል ስሙ። «ተሸነፋችሁ» ብቻ ነው ወይስ «ሁለተኛው ነጥባችሁ ጠንካራ ነበር፣ ማስረጃው ግን ሳሳ» ይላል? በሁለቱ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ።

ሞዴል ዩኤን ዝግ ያለ ነው። ከ193ቱ የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች አንዷ ለልጁ ትሰጠዋለች። ስለ አገሪቱ ያነባል፣ አቋሟን ይጽፋል፣ እንደ ተወካይዋ ሆኖ ይቀመጣል። የጸጥታው ምክር ቤት ከሆነ ያለው 15 ወንበር ነው። ከእነዚህ 5ቱ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት አላቸው። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ልጅ ለፈተና ያስታውሰዋል። ሳምንት ሙሉ ያረቀቀው ውሳኔ በአንድ ድምፅ ሲወድቅበት ያየ ልጅ ግን አይረሳውም። እውነተኛው ሥራም የሚሠራው በመድረኩ ላይ ሳይሆን በእረፍት ሰዓት ነው። «አንቺ ይህን ከደገፍሽልኝ እኔ ያንን እደግፋለሁ» መባባሉ ላይ። አዘቦቱ ግን ማንበብና መጻፍ መሆኑን አትርሱ። ማንበብ የሚያንገሸግሸው ልጅ በኮትና ክራባቱ ተማርኮ ቢገባ ቶሎ ላሽ ይላል።

ለዓይናፋር ልጅ ከሦስቱ እኔ የምመርጠው ሚኒ ሚዲያን ነው። ብዙ ወላጅ ዓይናፋሩን ልጅ «ይላቀቅ» ብሎ በቀጥታ ወደ ክርክር ይወረውረዋል። መዋኘት የማይችልን ሰው መሐል ወንዝ ላይ እንደመጣል ነው። ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ግን በር ብዙ ነው። ዜና የሚጽፍ አለ። ድምፅ የሚቀርጽ አለ። የሚያርም አለ። ልጁ መጀመሪያ ሌላ ሰው የሚያነብበውን ይጽፋል። ከወር በኋላ አንባቢው ሲቀር «አንተው አንብበው» ይባላል። የራሱ ጽሑፍ ነውና ብዙም አይደነግጥም። ከዚህ ሌላ ሰዓት ማክበር ይማራል። ዜናው ለእረፍት ሰዓት ካልደረሰ አልደረሰም፣ ሰበብ አይሰማም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ማይክራፎኑን ሁለት «ስታሮች» ይዘውት ሌላው ገመድ የሚጠቀልልበት ክበብም አለ። እጅ መቁጠሩ እዚህም ይሠራል።

የሚገጣጠምና የሚሞከር

ሮቦቲክስ ላይ ቂም የያዝኩ እንዳይመስላችሁ። በደንብ ከተያዘ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ልጁ የሳተውን ወዲያው በዓይኑ ያያል። ወደ ግራ እንዲታጠፍ ያዘዘው ማሽን ወደ ቀኝ ሄዶ ግድግዳ ይገጫል። መምህሩ መቆጣት አያስፈልገውም፣ ግድግዳው አርሞታል። በብዙ አገሮች ለዓመታት ሲካሄድ በቆየው የፈርስት ሌጎ ሊግ ውድድር ሮቦቱ በአንድ ዙር ሜዳው ላይ የሚቆየው 2 ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። ለዚያች 2 ደቂቃ ተኩል ልጆቹ ሳምንታት ይለፋሉ። ዳኞቹም ሮቦቱን ብቻ አይመዝኑም። ልጆቹ ስለ አንድ ችግር ያጠኑትን ፕሮጀክትና አብሮ የመሥራት ልማዳቸውንም ያያሉ።

ስለዚህ ጥያቄው «ሮቦቲክስ አላችሁ?» አይደለም። «ዕቃው ለስንት ልጅ ነው?» ነው። አንድ ሮቦት ለ3 ወይም ለ4 ልጅ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ተራ የሚያዞሩበት ሕግ እንዳላቸው ጠይቁ። ሴት ልጅ ካለቻችሁ ደግሞ ሁለቴ ጠይቁ። ሴቶቹ ፖስተር ወደ መሥራትና ማስታወሻ ወደ መያዝ፣ ወንዶቹ ወደ መፍቻው ሲሄዱ አይቻለሁ። ማንም አዟቸው አይደለም። ዝም ሲባል እንዲያ ይሆናል።

ኮዲንግ፣ ማለትም ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ፣ ከሮቦቲክስ ይልቅ ርካሽ ነው። ኮምፒውተር ካለ ሌላ ዕቃ አይፈልግም። ብዙዎቹ የሚጀምሩት በስክራች ነው። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሚዲያ ላብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነ ነፃ ፕሮግራም ነው። የታሰበውም ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ገጹን ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። ትእዛዞቹ እንደ ብሎኬት ስለሚገጣጠሙ ልጁ አንዲት ነጥብ ረስቶ ሰዓት ሙሉ አይቆዝምም። ቀልጠፍ ላለ የ13 ዓመት ልጅ ግን ቶሎ ሊያንሰው ይችላል። ክበቡ ከስክራች ቀጥሎ የት እንደሚያደርስ ጠይቁ። «እዚያው ነን» ካሉ፣ የሁለተኛው ዓመት ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት እየደገመ ነው ማለት ነው።

በሁለቱ መካከል ያለች መንገድም አለች፣ ማይክሮ ቢት። የክሬዲት ካርድ ግማሽ የምታክል ሰሌዳ ናት። 25 ጥቃቅን መብራትና ሁለት ዋና ቁልፎች አሏት። እ.ኤ.አ. በ2016 በብሪታንያ ለ7ኛ ዓመት ተማሪዎች በነፃ የታደለችው ይህች ናት። ኮድ ጽፎ በእጅ የሚያዝ ነገር ላይ ማየት ለሚፈልግ ልጅ ትስማማለች። ኮዲንግ ላይ የምትጠነቀቁበት ነገር ቢኖር ጌም ነው። «ኮዲንግ ነበርኩ» ብሎ የሚመጣው ልጅ ጌም ሲጫወት ውሎ ሊሆን ይችላል። ማጣሪያው ቀላል ነው። «የሠራኸውን አሳየኝ» በሉት።

የሳይንስ ክበብ ከሦስቱ የተረሳው ነው፣ ያለ አግባብም ይመስለኛል። በእርግጥ ኮምጣጤና ሶዳ ቀላቅሎ አረፋ ማስወጣት ላይ የቀረ ክበብ ትርኢት እንጂ ሳይንስ አይደለም። ጥሩው የሳይንስ ክበብ አሰልቺ ይመስላል። ልጆቹ አንድ ነገር ለሳምንታት ይለካሉ። ለምሳሌ ሁለት የባቄላ ችግኝ፣ አንዱ መስኮት ላይ አንዱ ጥላ ውስጥ፣ በየሁለት ቀኑ በማስመሪያ። ከዚያ አንዱ ችግኝ ያለ ምክንያት ይደርቃል። ስንት ችግኝ ቢኖረን ነበር እርግጠኛ የምንሆነው የሚል ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው።

ቼዝ ላይ አንድ ነገር ልናገር

ቼዝን ወላጆች የሚወዱት «ሒሳብ ያጎብዛል» ስለሚባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ይህንኑ ፈትኖ ነበር። 100 ያህል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ቼዝ ተማሩ። ከዓመት በኋላ በሒሳብ ውጤት ላይ ለውጥ አልታየም። በዕድሜ ከእኛ ልጆች ትንሽ ያነሱ ነበሩ፣ ቢሆንም ልብ የሚያስብል ነው። ስለዚህ ሒሳብ ከፈለጋችሁ ሒሳብ ይማር። ቼዝን ስለወደደው ይጫወት። ሰሌዳ አንዴ ተገዝቶ ለዓመታት ያገለግላል፣ እንደ ሮቦቲክስ ደግሞ ቆሞ የሚያይ የለም። ሁለት ልጅ፣ አንድ ሰሌዳ፣ አራቱም እጅ ሥራ ላይ። በእጅ ቆጠራ አንደኛ የሚወጣው እሱ ነው።

መድረክና ዜማ

ድራማ ላይ የወላጅ ጥያቄ «ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ትሠራለች ወይ?» ነው። ጥያቄው የክት ነው። ከመድረክ ጀርባ መብራት የሚይዝ፣ ድምፅ የሚቆጣጠር፣ አልባሳት የሚያዘጋጅ፣ ተዋናይ ሲረሳ ቃል የሚያስታውስ አለ። ለአንዳንድ ልጅ የሚስማማው ቦታ ይህ ነው። ጥሩ የድራማ ክበብ አብዛኛውን ዓመት ጨዋታና የፈጠራ ልምምድ ላይ ያሳልፋል። ቃል ማጥናት ላይ ብቻ የተቸነከረ ከሆነ ሦስት መስመር የተሰጠው ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ሌላውን ያዳምጣል።

ሙዚቃ ከክበቡ ውጭም ቤት ድረስ ተከትሎ ይመጣል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የተነካ መሣሪያ አይለመድም። በየቀኑ 15 ወይም 20 ደቂቃ ቤታችሁ ውስጥ ይሰማል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎረቤትም ያውቀዋል። መሣሪያው ከክበቡ በውሰት ይሰጥ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጥርሱን በብሬስ ያሳሰረ ልጅ ትራምፔት ይቸገርበታል። መዘምራን ውስጥ ለሚገባ ወንድ ልጅ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በዚህ ዕድሜ ድምፁ ይሰበራል። ዛሬ የደረሰበት ኖታ በሚቀጥለው ወር ይጠፋዋል። ይህን የሚያውቅ መምህር ልጁን ዝቅ ወዳለው ድምፅ ያዛውረዋል። የማያውቅ መምህር «ምን ሆንክ?» ይለውና ልጁ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም።

ስፖርት፦ ቡድን ወይስ ክበብ?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ስለዚህ ልጁ ይንቀሳቀስ ወይስ አይንቀሳቀስ የሚለው ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው ተመርጦ የሚገባበት ቡድን ይሻለዋል ወይስ ሁሉም የሚጫወትበት ክበብ የሚለው ነው።

እኔ በዚህ ዕድሜ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ምክንያቱ ቁመት ነው። ሴቶች በፍጥነት የሚያድጉት 12 ዓመት ገደማ ነው፣ ወንዶች ደግሞ 14 ገደማ። እኩል ክፍል የተቀመጡ ሁለት ልጆች አንዱ ጎረምሳ፣ አንዱ ገና ሕፃን ሊመስሉ ይችላሉ። በዚያ ላይ የልደት ወር አለ። ዕድሜ በዓመት ተቆርጦ ሲመደብ ከመቁረጫው ቀን ማግስት የተወለደው በዓመቱ መጨረሻ ከተወለደው በአንድ ዓመት ገደማ ይበልጣል። አሠልጣኙ «ችሎታ አለው» ብሎ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያደገውን ነው። ይህ በብዙ ስፖርቶች ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ዓመቱን የጨረሰ ልጅ «አልችልም» ብሎ ይደመድማል። ችግሩ ገና አለማደጉ ብቻ ነበር።

ቡድን ከገባም ሦስት ነገር ያዙ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጆች በአንድ ስፖርት ብቻ መወሰንን እስከ 15 ወይም 16 ዓመት ቢያዘገዩት ጥሩ እንደሆነ ይመክራል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ከልምምድ እረፍት ይኑር ይላል። ልክ ከጉልበት በታች የሚሰማ ሕመም በዚህ ዕድሜ በሚሮጡና በሚዘሉ ልጆች የተለመደ ነው፣ አጥንቱ በፍጥነት ስለሚያድግ። የተለመደ ነው ማለት ግን «ቻለው» ይባላል ማለት አይደለም። ሐኪም ያየው። ሕመም የሚደብቅ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚፈራው ጉልበቱን ሳይሆን አሠልጣኙን ነው።

ለሌላ ሰው የሚሠራባቸው

ስካውት፣ የቀይ መስቀል ክበብ፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ ኢንተራክት። ስካውት እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ ከተካሄደ አንድ የልጆች ካምፕ የተነሣ ነው። ጥንካሬው ልጆችን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ መሪውን ከመካከላቸው ማድረጉ ነው። ኢንተራክት ሮታሪ በተባለው የበጎ አገልግሎት ድርጅት ሥር ያለና ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች የሚገቡበት ነው፣ ስለዚህ የ11 ዓመቱ ትንሽ ይጠብቃል። ቀይ መስቀል ውስጥ ልጁ ቁስል ማሰርና ደም ማቆም በእጁ ይለማመዳል። ለዕድሜ ልክ የሚሆን ሙያ ነው። አካባቢ ጥበቃን በአንድ ጥያቄ መዝኑት፦ ባለፈው ዓመት የተከላችሁትን ችግኝ ዛሬ የሚያጠጣው ማነው? የሚያሳዩአችሁ ዛፍ ካለ ክበብ አለ። የሚያሳዩአችሁ ፎቶ ብቻ ከሆነ የአንድ ቀን በዓል ነው የነበረው።

ስንት ይበቃል? መቼስ ይተው?

ሁለት። ከተቻለ አንዱ ሰውነት የሚያንቀሳቅስ፣ አንዱ ቁጭ የሚያሰኝ። ሦስት ክበብ ሲሆን መጀመሪያ የሚሰረቀው እንቅልፍ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እስከ 12 ዓመት ላለ ተማሪ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 ዓመት ጀምሮ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። የሳምንቱን ፕሮግራም ወረቀት ላይ ጻፉት። ከመኝታው ሰዓት ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ቦታ ካልተረፈ ቦታ የለም። ቢያንስ አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባዶ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 እረፍትና ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ ደንግጓል። ልጆች ይህን ሲሰሙ በጣም ነው ደስ የሚላቸው፣ ስለዚህ አነጋገራችሁን አስቡበት።

«መተው እፈልጋለሁ» መምጣቱ አይቀርም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከመጣ ብዙውን ጊዜ አዲስነቱ አልቆ ነው። ወሰነ ትምህርቱን እንዲጨርስ ከመጀመሪያው ተስማሙ። ሰልችቶት ከሆነ ስምምነቱ ይሠራል። ፈርቶ ከሆነ ግን አይሠራም። የሚያሾፍበት፣ የሚመታው ወይም የሚያሸማቅቀው ሰው ካለ በዚያው ቀን ይውጣ። ሁለቱን ለመለየት «ለምን?» አትበሉት፣ «ደበረኝ» ብሎ ይዘጋዋል። «ትናንት ከገባህ ጀምሮ እስክትወጣ ምን ምን ሆነ?» በሉት። የሰለቸው ልጅ ስለ ሥራው ያወራል። የፈራው ልጅ ስለ አንድ ሰው ያወራል፣ ወይም አንዱን ሰው ሳይጠራ ያልፋል።

በሰላም የሚተው ከሆነ ለመምህሩ ራሱ ይንገረው። በስልክ አትንገሩለት። የወሰደውን ማልያ፣ ዋሽንት ወይም መጽሐፍም ራሱ ይዞ ሄዶ ይመልስ።